«ልጅ በእድሉ ያድጋል» ሲባል እድሉን የሚያድለው ማነው?

ባለፈው እሁድ የጓደኛዬን ሚስት አራስ ልንጠይቅ ሄደን ነበር፣ የመጀመሪያ ልጃቸው ነው፣ ገና ሶስት ሳምንቱ። ጓደኛዬ አይኑ ቀልቷል፣ ከስቷል፣ መኝታ ቤቱን አማቱ ስለያዙት እሱ ሳሎን ሶፋ ላይ ነው የሚያድረው፣ እና ድምፁን ዝቅ አርጎ «ግራ ገብቶኛል፣ ልጁን ስይዘው ያለቅሳል፣ እሷም አኩርፋኛለች፣ ምን እንደማረግ አላውቅም» አለን። አብሮን የሄደው አንዱ ሳቅ ብሎ «ተወው ባክህ፣ ልጅ በእድሉ ያድጋል፣ ና ወጣ ብለን አንድ አንድ እንበል» ብሎ ጃኬቱን አቀበለው። ሚስትየው ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሰምታለች። ፊቷን ሳየው በጣም ነው ያዘንኩት፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ይቺ አባባል ከጭንቅላቴ አልወጣ ብላኛለች።

እስቲ «እድል» የምትለዋን ቃል ጠጋ ብለን እንያት። ዛሬ እድል ሲባል የሚታየን ሎተሪ ነው፣ ከሰማይ ዱብ የሚል ነገር። ግን ማደል፣ እደላ፣ መታደል እያላችሁ ስሙት፣ ሁሉም ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው። እድል ማለት ተቆርሶ የተሰጠ ድርሻ ነው። ቤተክርስቲያን «እድል ፈንታ ጽዋ ተርታ» ሲባል የሰማችሁ ታውቁታላችሁ፣ ድርሻ ማለት ነው እንጂ ቁማር አይደለም። ድርሻ ካለ ደሞ ያደለ ሰው አለ ማለት ነው።

እኔ ያደኩት ጎጃም ነው፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ገጠር ውስጥ። ታናሽ እህቴ ስትወለድ ስምንት አመቴ ነበር። ሴቶቹ ውስጥ «ማርያም ማርያም» ሲሉ አባቴ ደጅ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ አይቀመጥም፣ አይናገርም፣ እኔ ጋቢውን ይዤ ቆሜያለሁ። እልልታው ሶስት ሆኖ ሲቆም (እኛ ጋ ለወንድ ሰባት ለሴት ሶስት ነው) ሴት እንደሆነች አወቀ፣ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣል አርጎ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው።

ከዛ በኋላ ያለውን ነገር ነው ሰው የረሳው። የአራስ ቅቤ እኮ የሚጠራቀመው ከወራት በፊት ጀምሮ ነው። ለገንፎ የሚሆነው ገብስ ተለይቶ ለብቻው ተቀምጧል፣ ማር ተገዝቷል፣ ሙክት ታስሯል፣ ይሄን ሁሉ ያሰናዳው አባቴ ነው፣ ገንፎውን የሚያገነፉት ሴቶቹ ይሁኑ እንጂ ጓዳው ባዶ ቢሆን ኖሮ ስሙ የሚነሳው የሱ ነበር። ቀን ቀን እንጨት ሲፈልጥ ይውላል፣ የአራስ ቤት እሳት ሌሊት መጥፋት የለበትማ። አራስ ብቻዋን አትተውም ስለሚባል ማታ ማታ በር ስር ካለው መደብ ላይ ይተኛል፣ እናቴ ራስጌ ክፉ መንፈስ እንዳይቀርባት ተብሎ የተቀመጠ ማጭድ አለ። እና ሁሌም ከመተኛቱ በፊት በጨለማው ውስጥ «ዛሬ በላሽ? ቅቤ ነበረው?» ይላታል። ያቺን ጥያቄ አሁንም ትሰማኛለች። ከአመታት በኋላ እንኳን ሲጣሉና ጎረቤት ሊያስታርቅ ሲመጣ እናቴ «በአራስነቴ ያረገልኝን ስለማልረሳ ነው» ብላ ነበር የምትታረቀው።

ክርስትናዋ በ80 ቀኗ ሆነ። ከቤተክርስቲያን ስንመለስ አባቴ ልጅቷን በጋቢው ጠቅልሎ በረት ይዟት ገባ፣ ከአንዲት ግንባረ ቦቃ ጥጃ ጋ ሄደና የህፃኗን እጅ ግንባሯ ላይ አስነክቶ «ይቺ ያንቺ ናት» አላት። ከዛን ቀን ጀምሮ ጥጃዋ «የልጅቱ እድል» ነው የምትባለው፣ ማንም አይሸጣትም፣ ማንም አይመታትም። ልጅቷ ዳዴ ስትል ጥጃዋ ጊደር ሆነች፣ ልጅቷ እረኛ ስትሆን ጊደሯ ላም ሆና ወለደች። እህቴ 9ኛ ክፍል ልትማር ከተማ ስትገባ የቤት ኪራዩና ስንቁ የተቻለው ከዛች ላም የተወለደ ወይፈን ተሸጦ ነው። ልጅ በእድሉ አደገ ማለት እኔ ያየሁት እንደዚህ ነው!

ስለዚህ አባባሉ የተወለደው በረት ውስጥ ነው ብዬ ነው የማምነው፣ ልጁና ጥጃው አብረው ሲያድጉ ያየ ሰው ነው የተናገረው፣ እና መጀመሪያ የተነገረውም ለሰነፍ አባት ማፅናኛ ሳይሆን «የልጅህን ድርሻ ቆርሰሃል ወይ» ለማለት ይመስለኛል።

ከተማ ውስጥ ግን አባትየው ምን ስራ ተሰጠው? የሆስፒታል ሂሳብ ይከፍላል፣ ከዛ ቤቱ በሴት ዘመድ ይሞላል፣ እሱ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ይመስላል። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ 1156/2011 እንኳን ለእናት 120 ቀን ሰጥቶ ለአባት የሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ነው። በአራተኛው ቀን እንቅልፍ አጥቶ ቢሮ ይገባል። ሰውየው ዝም ይላል፣ ያመሻል፣ ሚስትየው ደሞ ጠላኝ ብላ ታስባለች፣ ስንት ትዳር እዚች ጋ ነው የሚሰነጠቀው። በፈረንጆቹ 2010 43 ጥናቶችን አንድ ላይ አርጎ ያየ የህክምና ፅሁፍ ከ10 አዲስ አባቶች አንዱ ገደማ ድብርት እንደሚይዘው አሳይቷል። ወንድ ልጅ ይጨንቀዋል፣ አይናገረውም እንጂ።

እና እንዲህ የጨነቀውን ሰው «ልጅ በእድሉ ያድጋል» ብሎ ከቤቱ ማስወጣት ያሳዝናል። ገና በቅጡ ላልተደላደሉ ጥንዶችም «ውለዱ እንጂ» ለማለት ይቺኑ ነው የሚመዟት፣ እባካችሁ ተዉ። አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱ ቅቤ ይዛችሁ ሂዱ፣ አባትየውን ገንፎ ማገንፋት አሳዩት፣ ልጁን አቅፎ እንዲያስተኛው አማትየዋን ለምኑለት፣ ማታ ሚስቱን በላሽ ወይ ብሎ እንዲጠይቃት ንገሩት። ጃኬቱን ከሰቀለበት አታውርዱበት።