የሰውን ጠባይ የሚገልጹ የካንቶንኛ ፈሊጦች

ካንቶንኛ በደቡብ ቻይና ጓንግዶንግ ግዛት፣ በሆንግ ኮንግና በማካው ይነገራል፤ ባሕር ማዶ የሚኖሩ ብዙ ቻይናውያንም አፍ የፈቱበት ነው። ሰውን በአመሉ የሚነቅሱ ፈሊጦቹ በአብዛኛው ከእንስሳትና ከቤት ዕቃ የተቀዱ ናቸው።

እጅግ የሚያስደስተው ዓይነት «ሂት ሃው ዩ» የሚባለው ባለ ሁለት ክፍል አባባል ነው። ተናጋሪው የመጀመሪያውን ግማሽ ብሎ ያቆማል፤ ፍቺው ያለበትን ሁለተኛውን ሰሚው ራሱ ይሞላዋል። «ንጋው ፔይ ደንግ ሉንግ» የበሬ ቆዳ ፋኖስ ነው። ያልተነገረው ቀሪ «ዲም ጊክ ዶው ም ሚንግ» ይላል። «ዲም» መለኮስም ማስረዳትም ነው፤ «ሚንግ» መብራትም መረዳትም። ፋኖስ የሚለበጠው በስስ ወረቀት ወይም በሐር ነው፤ ወፍራም ቆዳ ከለበሰ ቢለኩሱትም ብርሃን አይወጣውም። ስለዚህ አባባሉ ቢነግሩት ቢነግሩት የማይገባውን ሰው ይገልጻል። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ አሠራሩን ቶሎ ይይዘዋል።

«ዲን ደንግ ዳም»፣ ማለትም አምፖል፣ እንዲሁ ነው። አምፖል ድፍን ስለሆነ አየር አያሳልፍም፤ በካንቶንኛ «ም ቱንግ ሄይ»፣ አየር የማያሳልፍ፣ የሌላውን ስሜት የማያነብ ሰው ነው። ፍቅረኛሞች መሀል ተጎልቶ የማይነሣውን አምፖል ይሉታል።

ቀሪ ግማሽ የማይፈልጉም አሉ። «ዳይ ታው ሃ»፣ ራሰ ትልቅ ሽሪምፕ፣ ቁልፉን በየደረሰበት የሚረሳ ዝንጉ ነው። «ሴ ዎንግ»፣ የእባብ ንጉሥ፣ በሥራ ሰዓት የሚለግም፤ «ሳ ቻን»፣ አሸዋና አቧራ፣ ጉረኛ። «ቻት ሃይ» ጫማ መጥረግ ሲሆን ለአለቃ ማሸርገድን ያመለክታል።

ጀማሪን በብዛት የሚያስተው ድምፀት ነው። ካንቶንኛ ስድስት ድምፀቶች አሉት፦ «ማይ» በ5ኛው መግዛት፣ በ6ኛው መሸጥ ይሆናል። ፈሊጥ ሲመዘግቡ በ1993 እ.ኤ.አ. የሆንግ ኮንግ የሥነ ልሳን ማኅበር ባወጣው፣ ካንቶንኛን በላቲን ፊደል በሚያሰፍረው የጅዩትፒንግ ሥርዓት መጻፍ ይሻላል፤ ከእያንዳንዱ ቀለም ጎን የድምፀቱን ቁጥር ያስቀምጣል። ግማሹን ብቻ ከሰሙ ቀሪውን ተናጋሪውን ይጠይቁ፤ በማንዳሪን፣ ማለትም በመደበኛው ቻይንኛ፣ ንባብ መገመት ግን አያዛልቅም፣ «ም» የተባለው አፍራሽ እንኳ እዚያ የለም።

ክብደቱም ይለያያል። «ዳይ ታው ሃ» ለልጅ በፍቅር ይባላል፤ «ሴ ዎንግ» ባልደረቦች ይቀላለዱበታል፣ ለአለቃ ግን አይሞከርም። በሰው ጉዳይ ጥልቅ የምትል ሴት የምትጠራበት «ባት ፖ» ስድብ ስለሆነ ትርጉሙን ማወቅ ይበቃል፤ የውጭ ሰው ባይናገረው ይመረጣል።