«አንተ ዝፈን፣ ሚክሱን ሌላ ይሠራዋል»፦ ስለ አካል ጉዳትና ስለ ቤት ቀረጻ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ድምፃዊ አይጠፋም። አካል ጉዳት ያለበት ሙዚቀኛ ግን ማይኩ ፊት ይጋበዝና ኮምፒውተሩ ጋ ሲደርስ «ተወው፣ ያስቸግርሃል» ይባላል። ከሚሰሙት ምክንያቶች አብዛኞቹ ውሃ አያነሡም።

«ሶፍትዌሩ ሁሉ ሥዕል ነው፤ ለዓይነ ስውር አይሆንም»

በዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ሦስት ነገር ይጫናል፦ ኤንቪዲኤ (ነፃ ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ)፣ ሪፐር (መቅረጫና ሚክስ ማድረጊያ፣ ለ60 ቀን በነፃ የሚሞከር) እና ኦሳራ (ሪፐርን ከስክሪን ሪደር ጋር የሚያግባባ ነፃ ተጨማሪ)። ኦሳራ ሲጫን የራሱን የቁልፍ አደረጃጀት እንዲያስገባ ይፈቀድለት። ከዚያ ኮንትሮልና ቲ አዲስ ትራክ (አንድ ድምፅ ለብቻው የሚቀረጽበት መስመር) ይከፍታል፣ ኤፍ7 ትራኩን ለቀረጻ ያዘጋጃል፣ ኮንትሮልና አር ይቀርጻል፣ ስፔስ ያቆማል። ኤፍ5 የትራኩን ድምፅ ዝም ያሰኛል፣ ኤፍ6 ብቻውን ያሰማል። ማውስ አያስፈልግም።

ጀማሪን የሚያስመርረው ሌላ ነው። ሪፐር ሳውንድ ካርዱን (ማይኩ የሚሰካበትን የድምፅ መሣሪያ) በአሲዮ ድራይቨር (ድምፅ ሳይዘገይ እንዲያልፍ በሚያደርግ ፕሮግራም) ሲይዘው ስክሪን ሪደሩ ድንገት ዝም ሊል ይችላል፤ ኮምፒውተሩ የተበላሸ ይመስላል። መፍትሔው ሁለቱን ማለያየት ነው። በኤንቪዲኤ የድምፅ ቅንብር ውስጥ መውጫው የላፕቶፑ የራሱ ድምፅ ይሁን፣ ሳውንድ ካርዱ ለሪፐር ብቻ ይተው። ከላፕቶፑ የሚመጣውን ንግግር በአንድ ጆሮ በትንሽ ኤርፎን መስማት፣ ሙዚቃውን ደግሞ ከላይ በሚደረብ ዝግ ሄድፎን። ንግግሩ በስፒከር ከተለቀቀ ማይኩ ይለቅመውና «ትራክ ሁለት» የሚል ድምፅ ከመንዙማው ሥር ይገኛል። ብሉቱዝ ሄድፎን ለቀረጻ አይሆንም፤ ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ ዘፋኙን ከምቱ ያስወጣዋል።

ሌላው ወጥመድ ፕለጊን (ሪፐር ላይ የሚጨመር የድምፅ ማስተካከያ) ነው። አንዳንዶቹ ቁልፎቻቸውን በሥዕል ብቻ ስለሚያሳዩ ስክሪን ሪደሩ የሚያነበው አያገኝም። የሪፐር የራሱ ኢኪው (ወፍራምና ቀጭን ድምፅን ማመጣጠኛ) እና ኮምፕሬሰር (የድምፅን ከፍና ዝቅ ማጥበቢያ) በኦሳራ የእሴት ዝርዝር በኩል በቁጥር ይስተካከላሉ፤ ለመጀመሪያ ዓመት ከበቂ በላይ ናቸው። የትራክ ስም በግዕዝ ፊደል ከተጻፈ የእንግሊዝኛው የንባብ ድምፅ በትክክል አያነበውም፤ በላቲን ፊደል መሰየም ወይም የኤንቪዲኤን የአማርኛ ድምፅ መምረጥ ነው።

«የማያይ ሰው ጆሮው ልዩ ነው፤ ሜትር አያስፈልገውም»

ሙገሳ ይመስላል፣ ግን የድምፅ ከፍታ መለኪያውን (ሜትሩን) መተው ቀረጻ ያበላሻል። ጆሮ ይደክማል፣ ድምፁ ጮክ ሲል ደግሞ «ጥሩ ነው» ይላል። ሲቀረጽ ከፍተኛው ጫፍ ከሲቀነስ 12 እስከ ሲቀነስ 6 ዴሲቤል መካከል ይሁን፤ ዜሮን ካለፈ የተቆረጠው ድምፅ በጥራት አይመለስም። ኦሳራ ይህን ጫፍ በንግግር የሚያሳውቅ መከታተያ አለው።

«መስማት የሚቸግረው ሰው ሚክስ ማድረግ አይችልም»

ጥያቄው ምን ያህልና የትኛውን ድምፅ ነው የሚለው ነው። በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማ ሰው ሚክሱን በሞኖ (ግራና ቀኙ አንድ ሆኖ) ይሥራ፤ በሞኖ የተስተካከለ ሚዛን በስቴሪዮም ብዙውን ጊዜ ይቆማል። ግራና ቀኙን ለማወቅ ቻናሎቹን እያለዋወጠ በደህናው ጆሮ ያድምጥ። ቀጫጭን ድምፆች የማይሰሙት ሰው የ«ሰ» እና የ«ሸ» ፉጨት ያመልጠዋል፤ የ«ሰ»ው በአብዛኛው ከ5 እስከ 8 ኪሎኸርዝ ያለው ነው። በስፔክትረም መመልከቻ (የወፍራምና የቀጭን ድምፆችን መጠን በሥዕል በሚያሳይ) የራሱን ቅጂ በደንብ ከተሠራ ዘፈን ጋር፣ ጩኸታቸውን እኩል አድርጎ ያመሳክር።

የመስሚያ መሣሪያ የሚያደርግ ሰው መጀመሪያ የሙዚቃ ፕሮግራም ማስጫን አለበት። መሣሪያው የተሠራው ለንግግር ነው፤ የዋሽንትን ወይም የማሲንቆን ረዥም ድምፅ የራሱ ፉጨት መስሎት ሊያጠፋው ሲሞክር ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ቅጂው ላይ ግን ምንም ስህተት የለም። ሙሉ በሙሉ ለማይሰማ ሰው ከበሮና ቤዝ በእጅ ይዳሰሳሉ፣ ሜትርም ያግዛል፤ የድምፃዊውን ቅኝት ለመፍረድ ግን የሌላ ሰው ጆሮ መዋስ ግድ ነው።

«በአንድ እጅ ማቀናበር አይቻልም»

ክራር በመግረፍ ስልት ሲመታ ግራ እጅ የማይፈለጉትን ክሮች ያፍናል፤ በአንድ እጅ ያስቸግራል። ክር በክር እየነጠሉ በተለያዩ ትራኮች መቅረጽ ግን ይቻላል። በሙዚቃ ኪቦርድ ላይ ደግሞ ከቅኝቱ ውጭ ያሉትን ቁልፎች መዝጋት ነው፦ አምባሰል ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ብቻ ይቀራሉ፤ ጣት ቢንሸራተትም ዜማው ከቅኝቱ አይወጣም። ማጭበርበር የሚሉት አሉ፤ ክራሩም እኮ ለቅኝቱ ተቃኝቶ ነው የሚጀመረው።

ሁለት ሦስት ቁልፍ አብሮ መጫን ለሚቸግር፣ ሺፍትን አምስት ጊዜ ሲጫኑ ዊንዶውስ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ለመጫን የሚያስችለውን ቅንብር ያቀርባል። ቀረጻን በእግር ለመጀመር የሙዚቃ ኪቦርዱን ሰስቴይን ፔዳል (ድምፅ ማስረዘሚያ የእግር መርገጫ) ከሪፐር የትእዛዝ ዝርዝር ጋር ማያያዝ ይቻላል። ፔዳሉ ካልታዘዘ በሪፐር የሚዲ (ኪቦርዱ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚግባባበት ሥርዓት) ቅንብር ውስጥ ያ ኪቦርድ «ለቁጥጥር» አልተፈቀደም ማለት ነው።

«የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ስቱዲዮ ነው»

የእንቁላል ካርቶን የውጭ ድምፅ አይከለክልም፣ እሳትም ይስባል። ከዘፋኙ ጀርባና ከጎኑ ወፍራም ብርድ ልብስ መስቀል ይሻላል፤ ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ።

ሁለቱ ከተሞች ግን አንድ ዓይነት ችግር የላቸውም። ኮምቦልቻ የሚያስቸግረው በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚያልፈው የከባድ መኪና ጉርምርምታ ነው፤ አብዛኛው ከድምፃዊው ድምፅ ይልቅ ወፍራም ስለሆነ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ በታች ያለውን መቁረጥ ይቀንሰዋል። የደሴ ክረምት ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ግን ከላይ እስከ ታች ሁሉንም ስለሚሸፍን የትኛውም ማጣሪያ ዘፈኑን ሳይነካ አያወጣውም። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ድምፃዊውን ጠዋት መቅረጽ፣ ከሰዓት ኪቦርድና ሚክስ መሥራት ነው።

በዊልቸር ለሚቀመጥ ሰው ባለ ሦስት እግር የማይክ ማቆሚያ ከጎማው ጋር ይጋጫል፤ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ የሚታሰር ክንድ ይግዛ። ኬብሉም በወለሉ ሳይሆን በጠረጴዛው ሥር ይሂድ፤ ጎማ ደጋግሞ የረገጠው ኬብል ይቆራረጥና ሳውንድ ካርዱ የተበላሸ ያስመስላል።