ለገጠር ተማሪዎች የሚደረግ ድጋፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የትምህርት ዘመኑ ሊከፈት ሲቃረብ፣ በከተማም በውጭ አገርም ለገጠር ተማሪዎች ድጋፍ የሚያሰባስቡ ወገኖች ይበዛሉ። ልግስናቸው የሚመሰገን ቢሆንም፣ በስፋት የሚነገሩ አንዳንድ አመለካከቶች ገንዘቡን ከችግሩ ያራርቁታል።

«ትምህርት ነፃ ስለሆነ፣ ልጁን የሚያስቀረው የወላጁ ግድየለሽነት ነው።»
የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ክፍያ አስቀርቷል። ሆኖም ደብተሩና የደንብ ልብሱ ከቤተሰቡ ኪስ ይወጣሉ፤ ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ የልጁ ጉልበት ነው። የመኸር አጨዳ ሲደርስ ከብት የሚጠብቀው ልጅና ውኃ የምትቀዳው እህቱ ከክፍል የሚጎድሉት፣ የደረሰ እህል በማሳ ላይ ስለማይቆይ እንጂ ወላጅ ትምህርትን ስለናቀ አይደለም።

«መጽሐፍ ከተሰጠ ውጤት ይሻሻላል።»
በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ በ2019 የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ማይክል ክሬመርና ባልደረቦቹ በምዕራብ ኬንያ ቡሲያ መጽሐፍ የታደላቸውንና ያልታደላቸውን ትምህርት ቤቶች አነጻጽረው ነበር። አማካይ ውጤቱ አልጨመረም፤ የተጠቀሙት አስቀድሞም ጎበዝ የነበሩት ብቻ ናቸው፤ ምክንያቱም መጻሕፍቱ የተዘጋጁት አብዛኞቹ ልጆች በወጉ በማያነቡት በእንግሊዝኛ ነበር። (በኮንቴይነር ለሚጫነው ያገለገለ የእንግሊዝኛ ልቦለድ አንባቢው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።) በዚያው አካባቢ ለተማሪዎች የተሰጠው የሆድ ትላትል መድኃኒት ከትምህርት ገበታ መቅረትን በሩብ ያህል ቀንሷል። ርካሽ ነው፣ ለፎቶግራፍም አይመችም። አገራችንም ይህንኑ መድኃኒት በትምህርት ቤቶች በኩል በአገር አቀፍ ደረጃ መስጠት የጀመረችው በ2008 ዓ.ም. ነው።

«ከሁሉም የሚበልጠው ድጋፍ የመማሪያ ክፍል መገንባት ነው።»
በዳስ ሥር የሚማሩ ልጆች ዝናብ ሲጥል ትምህርታቸው ስለሚቋረጥ፣ ክፍል ያስፈልጋል። ነገር ግን መምህር የሚመድበውና ደመወዝ የሚከፍለው መንግሥት በመሆኑ፣ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋር ሳይመከርበት የሚቆም ሕንፃ ያለ መምህር ሊቀር ይችላል። ውኃና ለሴት ተማሪዎች የተለየ መጸዳጃ ቤት ከሌለም፣ በወር አበባ ጊዜ ልጃገረዶቹ ቤት መዋላቸው አይቀርም።

«የገጠሩ ነዋሪ ተቀባይ ብቻ ነው።»
ድንጋይና አሸዋ የሚያቀርበው፣ በጉልበቱም የሚሠራው እርሱ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶችም ከግቢያቸው ሣርና ባሕር ዛፍ ሸጠው የውስጥ ገቢ ያገኛሉ፤ ለጋሹ ከሄደ በኋላ የተሰበረው ኮምባይንድ ዴስክ የሚጠገነውም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ገቢ ነው።