የግልግል ስምምነት ባለበት ውል ከፍርድ ቤት የሚወጣ የክፍያ ትእዛዝ

የክፍያ ትእዛዝ ፍርድ ቤት የባለገንዘቡን ማመልከቻና የጽሑፍ ማስረጃ ብቻ መርምሮ፣ ባለዕዳውን ሳይሰማ፣ «ይህን ያህል ገንዘብ ክፈል» ሲል የሚሰጠው ትእዛዝ ነው። ውሉ ላይ «ክርክር ቢነሳ በግልግል ዳኝነት ይታያል» የሚል፣ ማለትም ክርክሩን ከፍርድ ቤት ይልቅ ተዋዋዮቹ ለሚመርጧቸው ዳኞች የሚሰጥ አንቀጽ ካለ ብዙ ባለዕዳዎች የፍርድ ቤቱ በር የተዘጋ ይመስላቸዋል። አልተዘጋም። የግልግል ስምምነት ባለዕዳው ራሱ፣ በጊዜው ሊያነሳው የሚገባ መቃወሚያ ነው። ስለ ግልግል ዳኝነት የተደረገው የ1958ቱ ዓለም አቀፍ የኒውዮርክ ስምምነት በአንቀጽ 2(3) ፍርድ ቤት ጉዳዩን ወደ ግልግል የሚመራው ከተከራካሪዎቹ አንዱ ሲጠይቅ መሆኑን ይደነግጋል። ዳኛው በራሱ ተነሳሽነት አያነሳውም።

ለምሳሌ ጣሊያንን እንውሰድ። በዚያ አገር የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 633 ጀምሮ የተደነገገው ሥርዓት መጠኑ የታወቀና የመክፈያ ጊዜው የደረሰ ዕዳን ይመለከታል፤ ደረሰኝ (ሻጩ ክፍያ የሚጠይቅበት ኢንቮይስ) ወይም በአግባቡ ከተያዘ የሂሳብ መዝገብ የተወጣጣ የተረጋገጠ ቅጂ በማስረጃነት ይቀርባል። የግልግል አንቀጽ ትእዛዙ እንዳይወጣ አያግድም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ የግልግል ዳኞች ሁለቱንም ወገን ሳይሰሙ መወሰን አይችሉም፤ ስለዚህ ባለገንዘቡ ይህን ፈጣን መንገድ ከእነሱ ዘንድ አያገኘውም።

ትእዛዙ አገር ውስጥ ከሆነ በወጣ በ60 ቀን ውስጥ ለባለዕዳው መድረስ አለበት፤ አለዚያ ዋጋ ያጣል። ባለዕዳው ደግሞ ለመቃወም ትእዛዙ ከደረሰው ጀምሮ በመደበኛው 40 ቀን አለው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ግንቦት (ሜይ) 2 የደረሰው ሰው የመጨረሻ ቀኑ ሰኔ (ጁን) 11 ነው ማለት ነው። ከነሐሴ (ኦገስት) 1 እስከ 31 ያሉት ቀናት አይቆጠሩም። በእነዚህ 40 ቀናት የግልግል ስምምነት መኖሩን በተቃውሞ ማመልከቻው ላይ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ስለ ዕቃው ጥራት ወይም ስለ ሂሳቡ ብቻ ተከራክሮ ይህን ለኋላ ያስቀመጠ ባለዕዳ መብቱን ትቶታል። በዚህ ሥርዓት ተቃውሞውን ያቀረበው ባለዕዳ በመዝገቡ ላይ ከሳሽ ቢመስልም በፍሬ ነገሩ ተከሳሽ ነው፤ የተከሳሽ የመጀመሪያ መልስ ደግሞ ያ ማመልከቻ ነው።

መቃወሚያው በጊዜው ከቀረበና ስምምነቱ የሚጸና ከሆነ ዳኛው ሥልጣን የለኝም ብሎ ትእዛዙን ይሽረዋል፤ ፍሬ ነገሩ ለግልግል ዳኞች ይተዋል። ባለገንዘቡ ወጪ እንዲተካ ሊወሰንበት ይችላል።

በተግባር ከሁሉ የሚጎዳው ስህተት ባለዕዳው ተቃውሞ ማስገባት ትቶ ግልግል መጀመሩ ነው። ግልግል መጀመር 40ውን ቀን አያቆመውም። ቀኑ ካለፈ ትእዛዙ ጸንቶ ለአፈጻጸም ይቀርባል፤ የግልግሉ አንቀጽም ለዚያ ዕዳ አያድነውም። ሌላው አደጋ ጊዜያዊ አፈጻጸም ነው፦ ዕዳው በቼክ ወይም በሐዋላ ወረቀት ላይ ከተመሠረተ ትእዛዙ ከመነሻው ሊፈጸም ይችላል። ስለዚህ ተቃውሞው ላይ የአፈጻጸም ዕግድም አብሮ ይጠየቅ።

በጀርመን ተመሳሳይ ሥርዓት አለ፤ መቃወሚያው ምክንያት አይጠይቅም፣ ጊዜው ግን ሁለት ሳምንት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 1896/2006 ድንበር ተሻጋሪ ለሆኑ ዕዳዎች 30 ቀን ይሰጣል፤ ባለዕዳው ምክንያት መግለጽ የለበትም።

ባለገንዘቡም ቢሆን ሊያስብበት ይገባል። ውሉ የግልግል አንቀጽ እንዳለውና ባለዕዳው በጠበቃ የሚከራከር መሆኑን እያወቀ ትእዛዝ ማስወጣት ብዙ ጊዜ ወራት ማባከን ነው፤ ባለዕዳው ዝም እንደሚል ከታወቀ ግን ርካሽና ፈጣን ነው። ከሁሉ የሚሻለው ውሉ ሲረቀቅ «ያልተካደ ደረሰኝ ክፍያ በፍርድ ቤት ሊጠየቅ ይችላል» ብሎ ከግልግሉ ለይቶ መጻፍ ነው። እዚህ ላይ «ያልተካደ» የሚለው ቃል ራሱ መብራራት አለበት፤ ለምሳሌ ደረሰኙ ከደረሰ በስንት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወሙት እንደታመነ ይቆጠራል የሚለው በቁጥር ይቀመጥ።