የተረሱ ስናፕሾቶች፦ የቨርቹዋል ማሽን ዲስክ ቦታን ያለ አደጋ ማስለቀቅ

በቪኤምዌር ቪስፌር (በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖችን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮችን፣ የሚያሠራ ሶፍትዌር) ላይ ስናፕሾት ማለት ቨርቹዋል ማሽኑ በአንድ ቅጽበት የነበረበትን ሁኔታ ይዞ ማቆያ ነው። የሰርቨር አስተዳዳሪው ሶፍትዌር ከማሻሻሉ በፊት ያነሳዋል፤ ሥራው ከተበላሸ ወደ ኋላ ይመለስበታል። ሥራው ሲሳካ ግን ስናፕሾቱን የሚያስታውሰው አይኖርም፤ ዲስኩ የሚሞላውም በዚህ ነው።

ስናፕሾት ሲነሳ ዲስኩ አይገለበጥም። ዋናው የዲስክ ፋይል እንዳለ ይቀመጥና መጻፍ ይከለከልበታል፤ ከዚያ ወዲህ ማሽኑ የሚጽፈው ሁሉ ዴልታ ወደሚባል አዲስ ፋይል ይገባል። ሌላ ስናፕሾት ከተጨመረ ሌላ ዴልታ ይከፈታል፤ እያንዳንዱ በፊተኛው ላይ የተንጠለጠለ ሰንሰለት ይሆናል። አንድ ዴልታ እስከ ዋናው ዲስክ መጠን ሊያድግ ስለሚችል፣ 200 ጊጋባይት ዲስክ ያለው ሰርቨር ሁለት ስናፕሾት ታቅፎ ከከረመ በከፋው ሁኔታ 600 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ሰንሰለቱ እስከ 32 ድረስ ይፈቀዳል። የቪኤምዌር ምክር ግን ከ2 ወይም ከ3 እንዳይበልጥ፣ አንዱም ከ72 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ነው። ሌት ተቀን ለሚጻፍበት ዳታቤዝ 72 ሰዓቱም ይበዛል።

ዴታስቶሩ (የማሽኖቹ ፋይሎች የሚቀመጡበት ማከማቻ) ሲሞላ በላዩ ያሉት ማሽኖች መጻፊያ አጥተው መቆም ይጀምራሉ። በዚህ ጭንቅ መሃል ፎልደሩን ከፍቶ፣ ስማቸው በ000001 ወይም በ000002 የሚለዩትን ትልልቅ ፋይሎች በእጅ መሰረዝ ያጓጓል። ከዚህ የከፋ ውሳኔ የለም። እነዚያ ፋይሎች ትርፍ አይደሉም፤ ስናፕሾቱ ከተነሳበት ቀን ጀምሮ የገባው መረጃ ያለው እነሱ ውስጥ ነው። ከሰንሰለቱ መሃል አንዱ ከጠፋ ደግሞ ከእሱ በኋላ የመጡት ትርጉም ያጣሉ።

ትክክለኛው መንገድ ስናፕሾት ማኔጀር ነው። እዚያ ዴሊት ሲባል ዴልታው ከወላጁ ዲስክ ጋር ይዋሃዳል፣ ፋይሉም ከዚያ በኋላ ይወገዳል፤ የሚጠፋው ወደዚያ ነጥብ የመመለስ ዕድል ብቻ ነው። ሪቨርት ግን ከስናፕሾቱ ወዲህ የተጻፈውን ይጥላል፤ ሁለቱን ማምታታት ያስለቅሳል።

አስቸጋሪው ጉዳይ ስናፕሾት ማኔጀሩ ባዶ ሆኖ ሳለ ማሽኑ አሁንም በዴልታ ላይ ሲሠራ ነው። ብዙ ጊዜ መነሻው የባክአፕ ሶፍትዌር ነው፦ ሌሊት ስናፕሾት ያነሳል፣ ሥራው ሲቋረጥ ወይም ዲስኩን እንደቆለፈ ሲቀር ዴልታው ይቀራል። ማሽኑ የሚጠቀመውን የዲስክ ፋይል ስም በማሽኑ ቅንብር ውስጥ ማየት ነገሩን ይገልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣው ቪስፌር 5 ጀምሮ ኮንሶሊዴት (አዋህድ) የሚል ትእዛዝ ለዚሁ ተጨምሯል። ከማዘዝ በፊት ባክአፕ እየሄደ አለመሆኑንና ቁልፉ መለቀቁን ማረጋገጥ ያሻል።

ውህደቱ ራሱ ቦታ ይፈልጋል። ዋናው ዲስክ ቲን (በተጻፈበት ልክ ብቻ ቦታ የሚይዝ) ከሆነ እየተዋሃደ ያብጣል፤ በመሃሉ የሚመጣው አዲስ ጽሑፍም ጊዜያዊ ዴልታ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ዴታስቶሩ ጢም ብሎ ከሞላ መጀመሪያ የማያስፈልጉ የአይኤስኦ (የመጫኛ ዲስክ ቅጂ) ፋይሎችን ማንሳት ወይም ሌላ ማሽን ወደ ሌላ ማከማቻ ማዛወር ይቀድማል። ሥራው ሰው በማይበዛበት ሰዓት ቢደረግ ይመረጣል፤ ትልቅ ዴልታ ሰዓታት ይፈጃል፣ ማሽኑም መጨረሻ ላይ ለአፍታ ይቆማል። መቶኛው 99 ላይ ተገትሮ ቢቆይ አለመንካት ነው፤ ከውስጥ እየሠራ ሊሆን ይችላል።

የማንም ማሽን ያልሆነ የሚመስል ፋይል ሲገኝም ወዲያው አይሰረዝም። በየትኛውም ማሽን ቅንብር ወይም ሰንሰለት ውስጥ አለመጠቀሱና ለረጅም ጊዜ አለመለወጡ ይታያል፤ ከዚያ ወደ ሌላ ፎልደር ተዛውሮ ጥቂት ቀን ይቆያል።

በማይክሮሶፍት የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር፣ በሃይፐር-ቪ፣ ተመሳሳዩ ነገር ቼክፖይንት ይባላል። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ወዲህ ውህደቱ ማሽኑ እየሠራ ይከናወናል። በ2008 አር2 ግን ማሽኑ ካልጠፋ ውህደቱ አይጀመርም ነበር፤ እንዲህ ያለ አሮጌ ሰርቨር ዛሬም የሚያስተዳድር ሰው ከማጥፋቱ በፊት የዴልታውን መጠን አይቶ ለተጠቃሚዎች ሰፊ ጊዜ ይንገራቸው።