በርባን የተፈታበት ጠዋት

ምሳሌ 17፥15ን ብዙ ጊዜ አንብቤ አልፌዋለሁ። በደለኛውን ነጻ የሚያወጣና በጻድቁ ላይ የሚፈርድ፣ ሁለቱም በእግዚአብሔር ዘንድ አስጸያፊ ናቸው ይላል። አጭር ነው። ግን ቆም ብላችሁ እዩት ወገኖቼ፤ እኛ ሁልጊዜ ለሁለት የምንከፍለውን ነገር አንድ ላይ አስሮታል። አንዳንዶቻችን ወንጀለኛ ይያዝ፣ ይቀጣ፣ ሰው ሰላም ውሎ ይደር እንላለን። ሌሎቻችን የተከሳሹ መብት ይከበር እንላለን። ከዚያ ሁለት ጎራ ይዘን እንከራከራለን። ፍርዱ ጥንቁቅ ከሆነ ወንጀለኛ ያመልጣል፣ ጠንከር ካለ ደግሞ ንጹሕ ሰው ይጎዳል፣ እንግዲህ አንዱን ምረጡ ዓይነት ነገር። ቃሉ ግን ምረጡ አይለንም።

የዚህ ጥቅስ ሁለቱም ክፋት በአንድ ጠዋት የተፈጸመበትን ቀን ታውቁታላችሁ። በርባን በሁከትና በነፍስ ግድያ የታሰረ ሰው ነበር። ተፈታ። ጌታችን ምንም በደል አልተገኘበትም፣ ጲላጦስ ራሱ ይህን ሦስት ጊዜ ተናግሯል። ተሰቀለ። ሉቃስ 23 ላይ ምክንያቱ ተጽፏል፤ ጩኸታቸው በረታ ይላል። የበረታው ማስረጃ አልነበረም። እንዲያውም ማርቆስ 14 ላይ የምስክሮቹ ቃል እርስ በርሱ አልተስማማም። በሙሴ ሕግ ነገር የሚጸናው በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ቃል ነውና ጉዳዩ እዚያው መዘጋት ነበረበት። የመዳናችንን ታሪክ ስናነብ ይህን ቶሎ እናልፈዋለን። እኔ ግን አሁን አሁን የፍርድ መዝገብ እንደማገላብጥ ሆኜ ነው የማነበው፣ ባነበብኩትም ቁጥር ያመኛል።

ንጹሕ ሰው ሲፈረድበት ምን ይሆናል? እሱ ይታሰራል። እውነተኛው ጥፋተኛ ደግሞ ፈላጊ አይኖረውም፣ ምክንያቱም ፋይሉ ተዘግቷል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የዲኤንኤ ምርመራ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፍርደኞችን ነጻ አውጥቷል፤ ብዙዎቹን ያሳሰራቸው «እሱ ነው፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ» ያለ ሰው ስህተት ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ጋር ያው ምርመራ እውነተኛውን ወንጀለኛ ለይቷል፣ ከእነሱም ውስጥ ንጹሑ ታስሮ ሳለ ሌላ ሰው የጎዱ ነበሩ። ስለዚህ «ለወንጀለኛ አትራሩ» እያለ ማስረጃ ሳይጠይቅ የሚቸኩል ሰው፣ ሳያውቀው ለወንጀለኛው እየራራለት ነው።

የሶስናን ታሪክ አስቡ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ ያውም ዳኞች፣ ከአንድ ወጣት ጋር ስታመነዝር አየናት ብለው በሐሰት መሰከሩባት። ሕዝቡ አመናቸው። ለምን? ሽማግሌና ዳኛ ስለሆኑ ብቻ። ሞት ተፈርዶባት እየተወሰደች ሳለ አንድ ልጅ፣ ዳንኤል፣ ቁሙ አለ። ሁለቱን ለያያቸው። ለየብቻ አስቀርቦ «ከየትኛው ዛፍ ሥር አየሃቸው?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ አንድ ዛፍ ጠራ፣ ሌላው ሌላ። አለቀ። ዛሬም መርማሪዎች ምስክሮችን ለየብቻ የሚጠይቁት ለዚሁ ነው። ነገሩን ከሥሩ፣ ውሃውን ከጥሩ የሚባለው ይኸው ነው። ልብ በሉ፤ ሶስናን ያዳናት ጥያቄና ወንጀለኞቹን የያዘው ጥያቄ አንድ ነው። ሁለት ሥራ አልነበረም።

ሥርዓቱን ማሟላት ብቻውን እንደማይበቃም በወይን እርሻው ምክንያት በሐሰት ተከስሶ የተገደለው ናቡቴ ምስክር ነው። 1ኛ ነገሥት 21ን አንብቡ። ጉባኤ ነበር፣ ጾም ታውጇል፣ ሁለት ምስክር ተገኝቷል፣ ወረቀቱ ላይ የንጉሡ ማኅተም አለ። አንድም ነገር አልጎደለም፣ ከእውነት በቀር።

ስለ መዘግየትም አንድ ነገር ልበል። መክብብ 8፥11 በክፉ ሥራ ላይ ፍርድ ቶሎ ስለማይሰጥ የሰው ልብ ክፉ ለማድረግ ይደፍራል ይላል። ስለ ወንጀል የሚያጠኑ ሰዎችም ወደዚሁ ይጠጋሉ፤ ሰውን ከወንጀል ይበልጥ የሚመልሰው የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን እንደሚያዝ ማወቁ ነው ይላሉ። በሌላ በኩል ሐዋርያው ጳውሎስን ሮማዊው ገዢ ፊልክስ ሁለት ዓመት ያለ ፍርድ አቆይቶታል፤ ሐዋርያት ሥራ 24 ጉቦ ተስፋ ያደርግ ነበር ብሎ በግልጽ ጽፎታል። ዮሴፍ ደግሞ ወህኒ ሲወርድ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ የጠየቀው ሰው እንኳን አልተጻፈልንም። መዘግየት አንዴ ለበደለኛው ድፍረት፣ አንዴ ለንጹሑ እስራት ይሆናል። ተበዳይም አለ፣ የጠፋው ነገር ወይም የሞተው ልጁ በየቀጠሮው እንደ አዲስ የሚነሳበት። እሱን ማን አስታወሰው?

ሕጉ ጥፋተኛ የተባለውን እንኳን እንዴት እንደያዘው ዘዳግም 25 ላይ እዩ። ቁጥር 2 በደለኛ ይለዋል። ግርፋቱ ከአርባ እንዳያልፍ የሚከለክለው ቁጥር 3 ደግሞ ያንኑ ሰው «ወንድምህ» ይለዋል። ተፈረደበት፣ ወንድምነቱ ግን አልተሰረዘም።

ይህ የፖሊስና የዳኞች ነገር ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ዘሌዋውያን 5፥1 አይቶ ወይም አውቆ ምስክርነት ሲፈለግ ዝም ያለ ሰው ኃጢአቱን ይሸከማል ይላል። ስንቶቻችን ነን «ነገር ውስጥ አልገባም» ብለን የተቀመጥነው? መርማሪ ያለ ምስክር ምን ያደርጋል? ደግሞ ይብሳል፤ የተደፈረችን ወይም የተደበደበችን እህት «ይቅር በይው፣ የእግዚአብሔር ስም እንዳይሰደብ» እያልን ወደ ሕግ እንዳትሄድ የምናደርግ አለን። ይህ ይቅርታ አይደለም ወገኖቼ፣ መሸፋፈን ነው። ይቅር ማለት የእሷ ነው፣ በጊዜዋ፣ ከጌታዋ ጋር። ነገሩ ተጣርቶ ሌላ ሴት እንዳትጎዳ ማድረግ ግን የሁላችንም ዕዳ ነው።

ኒቆዲሞስ በዮሐንስ 7 ላይ አስቀድሞ ከራሱ ሳይሰማ ሕጋችን በሰው ይፈርዳልን? ብሎ ጠይቆ ነበር። ሰደቡት። ዓለም እ.ኤ.አ. በ1948 በሰብአዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 11 ላይ ማንም ጥፋተኛነቱ በሕግ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል ብሎ ጻፈ። እኛ ግን ከዚያ በፊት ብዙ ርቀን እናውቀው ነበር። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ አዳምን «ወዴት ነህ?» አለው። ቃየንን «ወንድምህ ወዴት ነው?» አለው። ስለ ሰዶም ጩኸት ሰምቶ «ወርጄ ልይ» አለ። ማየት ያላስፈለገው እሱ ወርዶ አየ። መጠየቅ ያላስፈለገው እሱ መጀመሪያ ጠየቀ።

የራሴን ልናገር። ከዓመታት በፊት በምናመልክበት ቦታ ለችግረኞች የተሰበሰበ ገንዘብ ጠፋ። ቁልፉ የነበረው አንድ ወጣት ወንድማችን ጋ ነው። በቃ፣ ለእኛ ይህ በቂ ነበር። ያን ቀን ማታ ስልኬን አንስቼ ለሦስት ሰው ነገርኩ፣ «ለጸሎት እንዲሆናችሁ ነው» እያልኩ። ልጁ ታሰረ። ወራት አለፉ፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ። እሱ እዚያ ሳለ ገንዘብ ሁለተኛ ጠፋ፣ በዚያው መንገድ። እኛ ስለ እሱ እርግጠኛ ስለነበርን ሌላ ቦታ ያየ ሰው አልነበረማ።

ተለቆ የመጣ ቀን በሩ አጠገብ፣ ከኋላ ተቀመጠ። ድፍረት አግኝቼ ይቅርታ ለመጠየቅ ሳምንታት ፈጅቶብኛል። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አለኝ፣ ከልቡ እንደሆነ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

ከዚያ ግን እንዲህ አለኝ፦ «ከመታሰሬ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ እንተያይ ነበር። ለምን መጥተህ አልጠየቅከኝም?»