ተከታታይ ምዘና ምንድን ነው? ማሟሻዋን መሶብ ውስጥ ለሚከቱ

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ፒያሳ የጀበና ቡና ይዤ ተቀምጫለሁ። ከጀርባዬ ያለ ሰው ስለ 12ኛ ክፍል ፈተና ያወራል። ድምፁ ጎላ ያለ ነው፤ ጆሮ ባትሰጡትም ይገባል። "ልጆቹን የገደላቸው ይሄ ተከታታይ ምዘና የሚሉት ነገር ነው" አለ። "ከ5፣ ከ10 እያሉ ማርክ ያድሏቸዋል። ትራንስክሪፕቱ ላይ እንግሊዝኛ 88፣ ብሔራዊ ፈተናው ላይ 26! ድሮ አንድ ፈተና ነበር። ያወቀ ያልፋል፣ ያላወቀ ይወድቃል፣ አለቀ።" አብረውት ያሉት ራሳቸውን ነቀነቁ። ዞር ብዬ ልመልስለት አልኩና ተውኩት። ቶናው እየተቀዳ ነበር።

ይህን ንግግር ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። ስብሰባ ላይ ሰምቼዋለሁ፣ ወደ ሐይቅ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሰምቼዋለሁ፣ ከራሳችን ከመምህራን አፍም ሰምቼዋለሁ። ሰውየው ስለ ውጤቱ ያለው ልክ ነው። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ ከ2014 ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ ከ2015 3.2 በመቶ፣ ከ2016 5.4 በመቶ፣ ከ2017 8.4 በመቶ ነው። በትራንስክሪፕቱና በፈተናው መሀል ገደል አለ። እኔን የሚያናድደኝ ስሙ ነው። እሱ የሚረግመው ነገር ተከታታይ ምዘና አይደለም። የማጠቃለያ ፈተናን በችርቻሮ መሸጥ ነው።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። "ተከታታይ" ሲባል ሰው የሚሰማው "ቶሎ ቶሎ" የሚለውን ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘና ይደረግ አለ። ሐሳቡ ከላይ ወርዶ ክፍል ሲደርስ ሠንጠረዥ ሆነ። ኩዊዝ ከ5፣ ደብተር ከ5፣ አሳይመንት ከ10፣ የቡድን ሥራ ከ10፣ እያለ ይሄዳል። የቡድን ሥራውን አንድ ጎበዝ ልጅ ይሠራዋል፤ አምስቱ ስማቸውን ይጽፋሉ። ሮስተሩ (የውጤት መዝገቡ) ሞላ፣ ተፈረመ፣ ገባ።

በሙያው ሁለት ነገሮች ይለያሉ። ማይክል ስክሪቨን የተባለ ፈላስፋ በ1967 እ.ኤ.አ. አንዱን ፎርማቲቭ፣ ሌላውን ሰመቲቭ አለው። (እሱ የጻፈው ስለ ሥርዓተ ትምህርት ግምገማ ነው። ወደ ተማሪ ምዘና ያመጣው የትምህርት ተመራማሪው ቤንጃሚን ብሉም ነው። ማንም አልጠየቀኝም፤ ግን ሲደባለቅ አልወድም።) ሰመቲቭ፣ ማጠቃለያው፣ ሥራው ካለቀ በኋላ "ስንት ሆነ?" ይላል። ፎርማቲቭ ሥራው ላይ እያለን "ምን እናስተካክል?" ይላል፤ ተከታታይ ምዘና ማለት ይሄ ነው። ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ አይታይም። ያው ጥያቄ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። የሚለየው ከወረቀቱ በኋላ የሚሆነው ነው። መምህሩ መልሱን አይቶ ነገ ሊያስተምር ያሰበውን ካልቀየረ፣ ተማሪውም የሳተውን ካላረመ፣ በቀን ሦስቴ ብትፈትኑም ተከታታይ ምዘና አልተደረገም።

እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ያደገ ሰው ማሟሻን ያውቃል። ምጣዱ ሲግል መጀመሪያ የምትጋገረዋ ናት። እናቴ ማሟሻዋን ስትጥል ሐሳቧ እንጀራዋ ላይ አልነበረም፤ ምጣዱና ሊጡ ላይ ነበር። ዓይን ካላወጣች እሳቱ አንሷል፤ እንጨት ትጨምራለች። ከሥር ከጠቆረች እሳቱ በዝቷል፤ እንጨት ትስባለች። ከተጣበቀች ምጣዱን በጎመን ዘር ደግማ ታስሰዋለች። ሊጡ ወፍሮ ከሆነ ውሃ ጠብ ታደርግበታለች። ማሟሻዋን እኛ ልጆቹ በበርበሬ እንሻማባታለን። እንግዳ ፊት አትቀርብም። ማሟሻዋን አይቶ "ይቺ ሴት እንጀራ አትችልም" የሚል ጎረቤትም የለም።

ተከታታይ ምዘና ማሟሻዋ ናት። ማጠቃለያው መሶቡ ነው።

አሁን እኛ የምናደርገውን እዩ። ማሟሻዋን እንጥላለን። እሳቱን አንነካም፣ ሊጡን አናይም። እንዲሁ አንስተን መሶብ ውስጥ እንከታታለን። ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋን፣ አሥረኛዋን እንደዚያው። መሶቡ ሲሞላ እንከድነዋለን፤ ከላይ ሲታይ ሙሉ ነው፣ 88 ነው። ከዚያ እንግዳው ይመጣል። ይሄ እንግዳ፣ ብሔራዊ ፈተናው፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ነው፤ ይሉኝታ አያውቅም፣ ክዳኑን ያነሳል። የቡናው ሰውዬ ያየው የተከፈተውን መሶብ ነው። ፍርዱ ግን "ማሟሻ ይቅር፣ በቀጥታ ለእንግዳ ይጋገር" ሆነ! እሳቱን ማን አየው?

ምሳሌዬ አንድ ቦታ ላይ እንደሚያነክስ አውቃለሁ። ሊጥ ራሱን አያርምም። "ወፍሬያለሁ፣ ውሃ ጨምሩብኝ" የሚል ሊጥ ቢኖር ጋጋሪዋ ምንኛ ባረፈች። ተማሪ ግን እንደዚያ ማለት ይችላል፤ መጀመሪያ የት እንደሳተ ካወቀ።

ወደማስተምረው ወደ እንግሊዝኛ ልምጣ። እንግሊዝኛ ፈተና ውጤት እንዴት ይሻሻላል ለሚለኝ ወላጅ መልሴ ይሄው ነው። ባለፈው ሴሚስተር ይህችን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። "ሺ ዳሽ ቱ ባቲ ላስት መንደይ።" ባቲ በሰኞ ገበያዋ ስለምትታወቅ ዓረፍተ ነገሯ ለልጆቹ ሩቅ አይደለችም። ምርጫዎቹ፦ ኤ "ሃዝ ጎን"፣ ቢ "ዌንት"፣ ሲ "ዋዝ ጎ"፣ ዲ "ጎዝ"። መልሱ ቢ ነው። የሚገርመኝ ግን የሳቱት ልጆች መልስ ነው።

ኤ ያለ ልጅ ሰነፍ አይደለም። አማርኛውን እየተከተለ ነው። እኛ "ባለፈው ሰኞ ባቲ ሄዳለች" እንላለን፣ ምንም አይጎረብጠንም። "ሄዳለች" የሚለውን ደግሞ "ሃዝ ጎን" ብለን አስተምረነዋል። እንግሊዝኛው ግን ያለቀ ቀን ከተጠራ "ሃዝ"ን አይቀበልም። "የስተርደይ"፣ "ላስት"፣ "አጎ" ካሉ በሩ ተዘግቷል። ይሄን አማርኛና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን አድርጎ ማሳየት ነው እንጂ የግሥ እርባታ ሰንጠረዡን ከ"አይ" እስከ "ዜይ" እንደገና ማስጻፍ አይረዳውም። ሲ ያለው ልጅ "ትሄድ ነበር" እያለ ነው፤ "ነበር" ሁሉ "ዋዝ" ይመስለዋል። እሱ ሌላ ሕመም ነው፤ ሌላ መድኃኒት ይፈልጋል። ዲ ያለው ወይ "ላስት"ን አላየም ወይ ገና ጊዜ አልለየም። እሱን "ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብለህ አንብብልኝ" ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ሦስት ስህተት፣ ሦስት መንገድ። ማርክ ሊስቱ ላይ ግን ሦስቱም "0" ናቸው። ያቺ ዜሮ ያገኘሁትን ወሬ ሁሉ ትበላዋለች።

እዚህ ላይ ሁሌ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ። "ክፍል ውስጥ 65 ተማሪ አለኝ። የሁሉንም ደብተር እንዴት ላርም?" አታርም። ደብተር አርም ያለህ ማነው? ልጆቹ ዓይናቸውን ይጨፍኑ፣ ጣታቸውን ደረታቸው ላይ ያድርጉ። ኤ አንድ ጣት፣ ቢ ሁለት፣ ሲ ሦስት፣ ዲ አራት። ግማሽ ደቂቃ ነው። ዓይን የሚጨፈነው ኩረጃን ለመከላከል ነው፤ ከፊት ያለችውን ጎበዝ ጣት የማያይ ልጅ የለም። ካልሆነ በክፍለ ጊዜው መጨረሻ ግማሽ ወረቀት ላይ አንድ መልስ ይጻፉ። ቤት ገብታችሁ ሦስት ቦታ ትከምሩታላችሁ፦ የገባቸው፣ የተምታታባቸው፣ ጭራሽ ያልያዙት። ትልቁ ክምር የነገ ትምህርታችሁ ነው። አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ ቀይ እስክሪብቶ አይነካውም።

አንብቦ መረዳት ላይ ደግሞ መልሱን ብቻ አልጠይቅም። "የትኛው መስመር ላይ አገኘኸው?" እላለሁ። መልሱን አግኝቶ መስመሩን ማሳየት ያልቻለ ልጅ ገምቷል። መስመሩን አግኝቶ መልሱን የሳተ ደግሞ ወይ ቃል አጥሮታል ወይ "ኢት" እና "ዜይ" የሚጠቁሙት ማንን እንደሆነ ጠፍቶበታል። የመጀመሪያውን ልጅ "ጎበዝ" ብለን እናልፈዋለን፣ ሁለተኛውን እንቀጣለን። ብዙ ጊዜ ግን ወደ ማወቁ የቀረበው ሁለተኛው ነው።

ማርኩን ለምን ትጠላዋለህ ትሉኝ ይሆናል። አልጠላውም፤ ቦታውን ስቷል ነው የምለው። ሩት በትለር የተባለች ተመራማሪ በ1988 እ.ኤ.አ. እስራኤል ውስጥ ልጆችን በሦስት ከፈለቻቸው። አንዱ ወገን ማርክ ብቻ አገኘ፣ አንዱ አስተያየት ብቻ፣ አንዱ ሁለቱንም። የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። ሁለቱንም ያገኙት ማርክ ብቻ እንዳገኙት ሆኑ። ማርኩ አስተያየቱን ዋጠው። ልጆቹ ግን የ11ና የ12 ዓመት ነበሩ፣ የሠሩትም የእንግሊዝኛ ሰዋስው አልነበረም። ስለዚህ ለ12ኛ ክፍል ሳልለካ እንደ ሕግ አላነብበውም። ክፍሌ ውስጥ የማየው ግን ያንኑ ይመስላል። ወረቀት ስመልስ ልጁ ቁጥሯን ያያል፣ የጎረቤቱን ቁጥር ያያል፣ ወረቀቷን አጥፎ ኪሱ ይከታል። ያን ሁሉ የጻፍኩለትን ማን ያንብበው?

አንድ ሌላ ነገርም አለ። አራት ምርጫ ያለውን ፈተና ጥያቄውን ሳያነብ ያጠቆረ ሰው በአማካይ ከ100 25 ያመጣል። ስለዚህ ያ "26" ማለት ሩቡን ያውቃል ማለት ላይሆን ይችላል። ምንም ካለማወቅ ጋር ሊጠጋ ይችላል። በተቃራኒው አምስት ጥያቄ ያላት ኩዊዝ ላይ 2 እና 3 ያመጡ ልጆች መሀል ያለው ልዩነት ዕድል ሊሆን ይችላል። በእሷ ደረጃ ማውጣት አይገባም። ማሟሻነቷ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ አላዳላም፣ አልፈርድም፣ ምጣዱን ብቻ ነው የማየው።

ለቡናው ሰውዬ ፍትሐዊ ልሁንና አንድ ነገር ልስጠው። መፈተን በራሱም ያስተምራል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ላይ፣ ያነበቡትን ከልባቸው አውጥተው የጻፉ ተማሪዎች ደጋግመው ካነበቡት ይልቅ ከሳምንት በኋላ የበለጠ አስታውሰዋል። ስለዚህ የቆየ ፈተና መሥራት ከንቱ አይደለም። ከንቱ የሚሆነው መልሱን "ቢ፣ ዲ፣ ኤ" ብሎ ሰሌዳ ላይ ጽፎ መውጣት ሲሆን ነው።

"ድሮ" የሚለው ነገር ግን አይዋጥልኝም። ድሮስ ማን ነበር በአንድ ፈተና ያስተማረ? የኔታ ፊደል ሲያስቆጥሩ ማርክ ሊስት አልነበራቸውም። ልጁ ከሳተ እዚያው ይመለሳል። ቁርኣን የሚቀራ ልጅም ሉሑ (የእንጨት ሰሌዳው) ታጥቦ አዲስ የሚጻፍበት የቀደመውን ካደረሰ ነው። ወሎ ውስጥ በሁለቱም ደጅ ተከታታይ ምዘና ነበር። ሠንጠረዥ ብቻ ነው ያልነበረው።

ተአምር ግን አልሸጥም። 9ኛ ክፍል ሲገባ ከአማርኛ በቀር ሁሉም መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የሚሆንበት ልጅ፣ በዚያ ላይ በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ከክፍል የራቀ ልጅ፣ ግንቦት ላይ በሁለት ወር ክለሳ አይድንም። ቃል በዓመታት ንባብ የሚጠራቀም ነው። ብሔራዊ ፈተናው ራሱም ልጁን አንድ አንቀጽ አያስጽፈውም፣ አያናግረውም፤ ምርጫ ያስጠቁረዋል። ከፍተኛ ያመጣ ልጅ ደብዳቤ መጻፍ ሲያቅተው አትደነቁ።

ከሁሉ የከበደኝ ልጆቹን ማስለመድ ነው። ግማሽ ወረቀት ማደል የጀመርኩ ቀን ከኋላ አንዱ "ቲቸር፣ ይያዛል?" አለ። "አይያዝም" አልኩት። እስክሪብቶው ተቀመጠ። እሱ ብቻ አይደለም፣ ግማሹ ክፍል እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከኩታበር ስንቁን ተሸክሞ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ነው፤ ጊዜውን የሚያውለው በሚቆጠር ነገር ላይ ነው። አልፈርድበትም፤ እኛ ነን ያስተማርነው። አሁን ይጽፋል፤ ግን በየሁለት ሳምንቱ "እውነት አይያዝም?" ይለኛል።

ዓርብ ሮስተር ይገባል። አምስት ዓምድ አለው፣ አምስቱም መሞላት አለባቸው። እሞላቸዋለሁ። ግማሽ ወረቀቶቹ መሳቢያዬ ውስጥ በላስቲክ ታስረው አሉ። ለእነሱ ዓምድ የለም።